ብዙ ትርጉም ስላላቸው ቀላል የእንግሊዝኛ ቃላት

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ «ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ችግር» የሚል ሰፊ ርእስ ነበር የሰጠኝ። እኔ ግን አጠበብሁት። ሰዋስውንም፣ አጻጻፍንም፣ አነጋገርንም በአንድ ምሽት እዳስሳለሁ የሚል ሰው አንዱንም ሳይጨብጥ ወደ ቤቱ ይመለሳልና፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ትናንሾቹ ቃላት ብቻ ነው። እነዚህም ገና ሕፃናት ሳለን «ዐወቅናቸው» ብለን ያለፍናቸው፣ ከዚያም ወዲህ ዞር ብለን ያላየናቸው ቃላት ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጽሐፉን ሲያነብ ተመልከቱት። «ፎቶሲንተሲስ» የሚለው ቃል ሲያጋጥመው ቆም ይላል፤ ያሰምርበታል፤ ትርጉሙን ፈልጎ በዳሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ያ ቃል አያስቸግረውም፤ ምክንያቱም ፎቶሲንተሲስ ዛሬም ነገም፣ በዚህም መጽሐፍ በዚያም መጽሐፍ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ፕላንት» የሚል ቃል ቢኖር ግን ዓይኑ ሳይቆም ያልፈዋል። ተክል ነዋ! በሚቀጥለው ሰዓት የኢኮኖሚክስ መጽሐፉን ሲከፍት ግን አንድ ኩባንያ «አዲስ ፕላንት» አቋቋመ የሚል ያነብባል። እዚህ ላይ ፕላንት ፋብሪካ ነው። ተማሪያችን ግን ኩባንያው አትክልት ተከለ ብሎ ይሄዳል።

ይህ ያስቃል እንጂ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። የሚጎዳው በፈተና ላይ ሲመጣ ነው። «ዋት አካውንትስ ፎር ዘ ራይዝ ኢን ፕራይስስ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጥያቄው «የዋጋው መናር ምክንያት ምንድን ነው?» ማለት ነው። «አካውንት» ሲባል የሚያውቀው የባንክ ሒሳብን ብቻ የሆነ ተማሪ ግን ስለ ሒሳብ አያያዝ ሁለት ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተጥለቅልቆ ሲመለስለት «ኢኮኖሚክስ አልገባኝም» ብሎ ያዝናል። የዋጋ መናርን ምክንያት ግን ከጎኑ ከተቀመጠው ጓደኛው ይበልጥ ያውቅ ይሆናል። የወደቀው በማያውቀው ነገር ሳይሆን፣ ዐውቀዋለሁ ባለው በአንድ ቃል ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርታችንን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለምንማር ለእኛ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

የነገሩን ስፋት እንድታዩት ጥቂት ቁጥሮችን ልጥቀስ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ «ቴክ» ለሚለው ቃል ብቻ 134 ትርጉሞች ሰጥቶታል። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ1884 እስከ 1928 ክፍል በክፍል ታትሞ ሲያልቅ፣ ከሁሉ የረዘመውን ቦታ የያዘው ሦስት ፊደል ብቻ ያለው ቃል ነበር። ቃሉን በኛ ፊደል እንደሚነበበው ብጽፈው ሌላ ነገር ስለሚሆንብን «ሰት» ብዬ ልጻፈው፤ ማስቀመጥ፣ መደንገግ፣ መጥለቅ፣ መርጋት፣ ስብስብ፣ ሌላም ሌላም ማለት ነው። ለሦስተኛው እትም ማሻሻያ ሲደረግ ግን «ራን» የሚለው ቃል ቀደመው፤ በ2011 እንደ ተነገረውም ለግሱ ብቻ 645 ትርጉሞች ተመዝግበውለታል። እኛ ራን ማለት መሮጥ ነው ብለን ተምረናል፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ወንዝም ይሮጣል፣ ሞተርም ይሮጣል፣ አፍንጫም ይሮጣል፤ የጨርቅ ቀለም ሲለቅ ሮጠ ይባላል፤ ለምርጫ የሚወዳደር ይሮጣል፤ ሱቅ የሚያስተዳድር ሰውም ሱቁን «ያስሮጣል»።

ለምን እንዲህ ሆነ? በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ዚፍ በ1945 እንዳሳየው፣ አንድ ቃል በሰው አፍ በተዘወተረ መጠን የትርጉሞቹም ቁጥር እየበዛ ይሄዳል። ነገሩ በቤታችንም ያለ ነው። ዘወትር ከእጅ የማይለየው ቢላ ሽንኩርትም ይቆርጥበታል፣ ቆርቆሮም ይከፍትበታል፣ ሲቸግርም ብሎን ይፈታበታል። ለበዓል ብቻ የሚወጣው ዕቃ ግን ለአንድ ሥራ ብቻ ተጠብቆ ይኖራል።

ደግሞም «እንግሊዝኛ ምን ዓይነት ግራ የገባው ቋንቋ ነው!» ብለን እንዳንፈርድ የራሳችንን አፍ እንስማ። እንግዳ ሰው አማርኛ ሲማር ገባ ማለት ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ ነው ብለን እናስተምረዋለን። ሲያመሽ ፀሐይ ገባች እንለዋለን። በሰኔ ክረምት ገባ እንለዋለን። ጓደኛው ቃል ገባለት፤ ነጋዴው ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ትምህርቱ ገባኝ፤ እኔን ምን አገባኝ፤ እገሌ እገሊትን አገባ። ይህ ምስኪን እንግዳ ትምህርቱ በየት በኩል እንደ ገባብን ቢጠይቀን ልንስቅበት አይገባም። (ይኸው «አይገባም» ብዬ ጨመርሁበት!) እኛ ግን አንድ ጊዜም አንሳሳትም፤ ምክንያቱም ቃሉን ከነጎረቤቶቹ እንጂ ለብቻው ሰምተነው አናውቅም።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአንድ ቃል ብዙ ትርጉም መሆንና የብዙ ቃላት አንድ ድምፅ መሆን የተለያዩ መሆናቸው ነው። ገባ አንድ ቃል ነው፤ ትርጉሞቹ ሁሉ ከአንድ ሐሳብ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። «ሳለ» የሚለውን ግን ውሰዱ። ሠዓሊው ሳለ፤ ሥጋ ሻጩ ቢላውን ሳለ፤ ብርድ የመታው ሰው ሳለ። ሥዕልንና ቢላን ሳልንም አንድ የሚያደርግ ሐሳብ ማንም አያገኝም፤ የለምና። በግዕዝ ሠዐለ፣ ሰሐለ፣ ሰዐለ ተብለው ሦስት የተለያዩ ቃላት ነበሩ። አማርኛ የጉሮሮን ድምፆች ሲተው ሦስቱም ባንድ በር ወጡ። የጠሉትና የተጠመቀው «ጠላ»ም እንዲሁ ዝምድና የሌላቸው ሞክሼዎች ናቸው። የቅኔ ሰዎች ኅብር የሚሠሩት ከሁለቱም ዓይነት ነው፤ ስለዚህም ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ቃል ሁለት ፊት አለው ሲባል ሊደነግጥ አይገባውም። በአማርኛ የምንኮራበትን ጥርጣሬ በእንግሊዝኛ የምንረሳው ለምን እንደ ሆነ አላውቅም።

እንግሊዝኛም ሁለቱም ዓይነት አለው። «ቤር» ድብ ነው፤ «ቤር» መሸከም ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩ፤ ስለዚህ ድቡን ለብቻው ማጥናት ነው እንጂ ሌላ ብልሃት የለውም። ሁለተኛው ቤር ግን ቤተሰብ አለው፤ መሸከም፣ መታገሥ፣ መውለድ። እኛም «ቻለ» ስንል ማድረግ መቻልንም መከራን መታገሥንም በአንድ ቃል እንናገራለን፤ እርጉዝንም ነፍሰ ጡር ተሸካሚ አድርገን እናያታለን፤ ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ የምወደው «ስፕሪንግ» ነው። ተማሪ አራት ነገር አድርጎ ይሸመድደዋል፤ መዝለል፣ የውሃ ምንጭ፣ የአውሮፓ ጸደይ፣ የብረት ሞላ። አራት የሚመስለው አንድ ነው፤ ሥሩ መዝለል ነው። ውሃ ከመሬት ዘሎ ሲወጣ ስፕሪንግ ተባለ። ከብርዱ ወራት በኋላ ቅጠሉና ሣሩ ዘሎ የሚወጣበት ወቅት ስፕሪንግ ተባለ። ተጭነውት ሲለቁት ዘሎ የሚመለሰውም ብረት ስፕሪንግ ተባለ። ሥሩን የያዘ ሰው አራቱን ለመርሳት ቢፈልግ እንኳ አይችልም።

«ፋይን»ም እንደዚሁ ነው። ደኅና፣ ረቂቅ፣ ቀጭን፣ የገንዘብ መቀጫ! ደኅናና መቀጫ እንዴት ባንድ ቤት አደሩ? ሥሩ ፊኒስ የሚባለው የላቲን ቃል ነው፤ ፍጻሜ ማለት ነው። እስከ ፍጻሜው ድረስ በጥሩ የተሠራ ነገር ፋይን ነው፤ እየጠራና እየላመ ሲሄድም ይቀጥናል። ክርክርን ለመፈጸም የሚከፈለው ገንዘብም ፋይን ነው። «ቮሊዩም» ደግሞ ጥቅል ማለት ነበር፤ ጥንት መጻሕፍት ይጠቀለሉ ነበርና መጽሐፍ ቮሊዩም ተባለ፤ ቀጥሎ የመጽሐፉ ትልቅነት፣ ከዚያም የማናቸውም ነገር ይዘት፣ በመጨረሻም የድምፅ መጠን። የኬሚስትሪ ተማሪ በብርጭቆ የሚለካው፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከመደርደሪያ የሚያወርደውና ጎረቤታችን ሌሊት በራዲዮ የሚያሰቃየን አንድ ቃል ነው።

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። የሳይንስ ሊቃውንት አዲስ ነገር ባገኙ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አዲስ ቃል አይፈጥሩም፤ ከገበያው ቃል ወስደው አጥር ያጥሩበታል። በፊዚክስ «ዎርክ» ማለት ኃይል ነገሩን በኃይሉ አቅጣጫ ሲያንቀሳቅሰው ነው። ኩንታል ጤፍ በጫንቃው ተሸክሞ ለአንድ ሰዓት ባለበት የቆመ ሰው፣ ላቡ እስከ ተረከዙ ቢወርድም፣ በፊዚክስ ሕግ በኩንታሉ ላይ የሠራው ዎርክ ዜሮ ነው። ለባለ ኩንታሉ ሄዳችሁ ይህን እንዳትነግሩት! ተማሪው ግን የመንገዱን ዎርክ ከክፍሉ ዎርክ ካልለየ ቀመሩን በቃሉ ቢያውቀውም ጥያቄውን ይስታል። በስታቲስቲክስም «ሲግኒፊካንት» ሲባል ትልቅ ወይም ጠቃሚ ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት የሚያስቸግር መሆኑን ብቻ ይናገራል። በጣም ትንሽ፣ ለማንም የማይጠቅም ልዩነት ሲግኒፊካንት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚስቱት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ጋዜጦችም ዘወትር ይስቱታል። «ሚን» አማካይ ነው፣ ማለት ነው፣ ንፉግም ነው። «ሶሉሽን» በሒሳብ መልስ፣ በኬሚስትሪ ውሁድ ፈሳሽ ነው። «ስቴት» ደግሞ በፖለቲካ ሳይንስ መንግሥት ነው፤ በፊዚክስ የነገር ሁኔታ ነው፤ በጥያቄ መጀመሪያ ላይ ሲቆም ግን «ግለጽ» የሚል ትእዛዝ ነው።

በዚህ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የምንሰማቸውንም ቃላት ተመልከቱ። «ቼር» ወንበር ነበር፤ ሰብሳቢ ሆነ። «ፍሎር» ወለል ነበር፤ የመናገር ተራ ሆነ። «ሞሽን» እንቅስቃሴ ነበር፤ ለውሳኔ የቀረበ ሐሳብ ሆነ። (እንቅስቃሴ የማይታይበት ሞሽን ብዙ አይተናል።) «ሚኒት» ደቂቃ ነው፤ ሲበዛ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ማይኑት ተብሎ ሲነበብ ደግሞ እጅግ ትንሽ ማለት ነው። ሥሩ በላቲን ትንሽ የሚል ነው፤ ሰዓት መጀመሪያ ሲከፈል የተገኘው ትንሽ ክፍል ሚኒት፣ ሁለተኛ ሲከፈል የተገኘው «ሴኮንድ» ተባለ፤ ሴኮንድ ሁለተኛ ማለት ነውና። የእኛም ደቂቃ ደቂቅ ከሚለው፣ ትንሽ ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ መሆኑን ስታስቡ፣ የሰው ልጅ ሐሳብ በሩቅ አገር ተቀምጦ እንኳ ባንድ መንገድ እንደሚሄድ ትረዳላችሁ።

«ቴብል» የሚለው ቃል ግን እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበትን ሰዎች እንኳ አጣልቷል። በእንግሊዝ አገር አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ በአሜሪካ ግን ወደ ጎን ማቆየት ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው ታሪክ ውስጥ እንደሚተርከው፣ የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ አስቸኳይ ጽሑፍ ቴብል ይደረግ ሲሉ አሜሪካኖቹ እንዴት ይሆናል ብለው ተቃወሙ፤ ሁለቱም ወገኖች የፈለጉት አንድ ነገር መሆኑ የታወቀው ከረዥምና ከመራራ ክርክር በኋላ ነው።

ከክርክርም የሚያልፍ ጊዜ አለ። በ1977 በመጋቢት ወር በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች በማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ጉም ነበር፣ ጥድፊያ ነበር፣ የራዲዮ ድምፅ መደበላለቅ ነበር፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ የቃል ጉዳይ ነው። ተቆጣጣሪው ለአንደኛው አውሮፕላን «ክሊርድ» የሚለውን ቃል የተናገረው ከተነሣ በኋላ የሚከተለውን መስመር ሲፈቅድለት ነው፤ ለመነሣት ገና አልፈቀደለትም ነበር። ከአውሮፕላኑም «ወደ ቴክ ኦፍ ላይ ነን» የሚል ዓይነት መልስ ሲመጣ፣ ተቆጣጣሪው ለመነሣት ተዘጋጅተው ቆመዋል ብሎ ተረዳው፤ እነርሱ ግን እየተነሡ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በራዲዮ እንዳይነገር፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» እንዲባል ተወሰነ።

በፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ዕፅ ሲነግድ መሣሪያ «ዩዝ» ያደረገ ሰው ቅጣቱ እንዲከብድ የሚያዝ ሕግ አለ። አንድ ሰው ጠመንጃውን በኮኬይን ለመለወጥ ሲል ተያዘ፤ አልተኮሰም፣ አላስፈራራም። ጠመንጃን እንደ ገንዘብ መስጠት ጠመንጃን ዩዝ ማድረግ ነውን? በ1993 ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ስድስቱ ዳኞች ነው አሉ፣ ሦስቱ አይደለም አሉ፤ ሰውየውም የ30 ዓመት ቅጣቱ ጸናበት። ከተቃወሙት አንዱ አንቶኒን ስካልያ፣ «ከዘራ ዩዝ ታደርጋለህ ወይ?» የተባለ ሰው የተጠየቀው ተደግፎ ይሄድ እንደ ሆነ ነው እንጂ የአያቱን ከዘራ በአዳራሹ ሰቅሎት እንደ ሆነ አይደለም ሲል ጻፈ። እኔ የሚመስለኝ ከስካልያ ጋር ነው፤ የሕግ ተማሪዎች ግን በኋላ ሊከራከሩኝ ይችላሉ።

ስለ አያያዥ ቃላት በአጭሩ ልለፍ። «ሲንስ» ከዚያ ወዲህ ነው፣ ስለ ሆነም ነው። «ዋይል» በዚያ ጊዜ ነው፣ ምንም እንኳም ነው። «ኢቭን» ጭምር ነው፣ ደልዳላም ነው፣ ተጋማሽ ቁጥርም ነው። እነዚህን የሳተ ሰው የዐረፍተ ነገሩን ሥጋ ይዞ አጥንቱን ይጥላል። ግሥ ከትንሽ ቃል ጋር ሲጋባም የሚወለደው ልጅ አባቱን አይመስልም። «ተርን» መዞር ነው፣ «ዳውን» ወደ ታች ነው፤ «ተርን ዳውን» ግን እምቢ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ያስገርማል የሚል ካለ «ዝም አለ» የሚለውን ለእንግዳ ያስረዳው፤ ምንም ሳይል እንዴት አለ?

እንግዲህ ምን እናድርግ? በስልካችን የያዝነው መዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ትርጉም አሳይቶን እንዘጋዋለን፤ ጥፋቱ የመዝገቡ አይደለም። በቤንጋል ብዙ ዘመን ያስተማረው ማይክል ዌስት በ1953 ያሳተመው፣ ሁለት ሺህ ያህል ቃላትን የያዘ «ጄኔራል ሰርቪስ ሊስት» የተባለ መጽሐፍ አለ፤ እያንዳንዱ ትርጉም ከመቶ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም ያሳያል፤ ስለዚህ ከ20 ትርጉም የትኞቹን ሦስት ማጥናት እንደሚበጅ ይነግረናል። ዕድሜው ገፍቷል፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ እስከ ዛሬ ይጠቅማል። በ1973 ሁለት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ወጥተዋል፤ አንዱ የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ ነው፤ ሁለተኛው የቮልፍ ሌስላው ነው። የሌስላው ቃሉን ለብቻው አይተረጉምም፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየሰጠ ከነጎረቤቶቹ ያሳያል። ቃልን እንዲህ መማር ይሻላል። ደብተርም የምትይዙ እንደ ሆነ ቃልና ትርጉም በሁለት ዓምድ አትጻፉ፤ ያገኛችሁበትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ቅዱት። ረዣዥሞቹን ሳይሆን አጫጭሮቹን ጻፉ።

ለመምህራኖቻችንም በአክብሮት አንድ ልመና አለኝ። ጥያቄውን መረዳት ራሱ የፈተናው ክፍል ነው የሚሉ አሉ። በእንግሊዝኛ ትምህርት እውነት ነው። በኬሚስትሪና በኢኮኖሚክስ ግን የሚለካው የኬሚስትሪና የኢኮኖሚክስ ዕውቀት መሆን አለበት፤ «አካውንትስ ፎር» በሚለው ፋንታ «ዋት ኮዝድ» ቢባል ከትምህርቱ ክብር የሚጎድል ነገር የለም። ወይም ደግሞ በየኮርሱ መጀመሪያ፣ ያ ትምህርት ከገበያ ወስዶ ያጠራቸው አሥር አሥራ አምስት ቃላት በአንድ ገጽ ተባዝተው ቢታደሉን፣ ለማባዛቱ ሥራ የማኅበራችን ማባዣ መኪና ዝግጁ ነው፤ ቀለሙን ግን ማን እንደሚገዛ ገና አልተወሰነም።

«ጌት» የሚለውን ቃል ሳልነካው ያለፍሁት ረስቼው አይደለም። ለእርሱ ብቻ ሌላ ምሽት ያስፈልጋል።